ተጠቃሚው ማን ነው? የዲጂታል አገልግሎት ንድፍ ከቦንጋ ሲታይ

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደንበኛው ከአምስት ቋንቋዎች አንዱን መምረጥ ይችል ነበር፦ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም እንግሊዝኛ። በአገሪቱ የዲጂታል አገልግሎት ታሪክ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከመንፈቅ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ደግሞ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ሆነ። በካፋ ገጠር በቤትና በገበያ የሚነገረው ግን ካፊኖኖ ነው፤ በትምህርት ቤትም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እናም አንድ የካፋ ገበሬ ስልኩ ላይ የሚያገኘው ምናሌ ከአፍ መፍቻው የተለየ ቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም ልጆቹ በካፊኖኖ ከሚማሩበት የተለየ ፊደል ነው።

“ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ንድፍ” የሚባለው ሐሳብ እንዲህ ያለውን ሁኔታ ለመፍታት የተወለደ ነው። ድረ ገጽ፣ መተግበሪያ ወይም የስልክ ምናሌ ሲሠራ መነሻው የመሐንዲሱ አመቺነት ሳይሆን የሚገለገልበት ሰው ሥራ፣ አቅምና አካባቢ ይሁን ይላል። በመርሁ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው ተጠቃሚ የሚባለው ማን ነው፣ በምንስ ይለካል የሚለው ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከመነሻው ጀምሮ እስከ ካፋ የቡና ገበያ ድረስ ይከተላል።

ሁለት የዘር ሐረግ

ሐሳቡ ሁለት አባቶች አሉት፤ ልዩነታቸው እስከ ዛሬ አልጠፋም። የመጀመሪያው የአሜሪካ የምርምር ቤቶች መንገድ ነው። የአይቢኤም ተመራማሪዎች ጆን ጉልድና ክሌይተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት መርሆዎች አስቀመጡ፦ ከጅምሩ በተጠቃሚው ላይ ማተኮር፣ አጠቃቀሙን በሙከራ መለካት፣ ከዚያም እያረሙ ደጋግሞ መሥራት። በዓመቱ ዶናልድ ኖርማንና ስቲቨን ድሬፐር ያዘጋጁት መጽሐፍ ስያሜውን አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጉዳዩ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ፤ በ2010 አይኤስኦ 9241-210 ተብሎ እንደገና ወጣ፣ በ2019ም ታደሰ። በዚህ መንገድ ተጠቃሚው የሚጠና፣ የሚለካና የሚፈተን ሰው ነው።

ሁለተኛው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከስካንዲኔቪያ የተነሳው የአሳታፊ ንድፍ ወግ ነው። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ የሠራተኛ ማኅበራት ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካው ሲገባ ሥራውን የሚሠራው ሰው ከውሳኔው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት ብለው ተነሡ። በዚህኛው መንገድ ተጠቃሚው ድምፅ ያለው ባለድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ወገን ምናሌው ለተጠቃሚው ገብቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከዚያ ቀደም ብሎ ምናሌው እንዲኖር የፈለገው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ስለ ተጠቃሚ ሲነገር የሚሰማው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ የካፋ ጉዳይ ግን ሁለተኛውን ግድ የሚል መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

የመጀመሪያው መንገድ ያስገኘውን ፍሬ ማቃለል አይገባም። የኬንያው ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞከር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር መክፈያ ነበር። የሙከራው ተሳታፊዎች ግን ገንዘቡን እርስ በርስ ይላላኩበት ጀመር። ባለቤቶቹ ይህን አይተው አገልግሎቱን ለቤተሰብ ገንዘብ መላኪያ አድርገው አቀለሉት፤ በ2007 ለሕዝብ የቀረበውም በዚህ መልኩ ነው። ሰውን በማስተዋል የተገኘው ይህ ለውጥ ምሥራቅ አፍሪካን አዳርሶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያም ገባ።

አከራካሪው ነገር ስንት ሰው ቢታይ ይበቃል የሚለው ነው። የአጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰዎችን መፈተን አብዛኛውን ስሕተት ያወጣል ሲል ጻፈ። በዓመቱ ጃሬድ ስፑልና ዊል ሽሮደር በድረ ገጾች ላይ ባደረጉት ሙከራ አምስት ሰው እጅግ እንደሚያንስ አሳዩ። የተዘነጋው ግን ኒልሰን ራሱ ያስቀመጠው ገደብ ነው፦ ተጠቃሚዎቹ የተለያየ ዓይነት ከሆኑ እያንዳንዱ ወገን ለየብቻው ይፈተን ብሏል። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር አዲስ አበባ ላይ የተፈተኑ አምስት ወጣቶች ስለ አዲስ አበባ ወጣቶች ይነግሩን ይሆናል። በካፋ ስላለው የዴቻ ወይም የጊምቦ ወረዳ ገበሬ የሚነግሩን የለም።

ፊደሉ፣ ቀኑ፣ ስሙ

የኢትዮጵያ ተጠቃሚ በዲጂታሉ ዓለም የመጀመሪያ ትግሉ ከፊደል ጋር ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ የአማርኛ የጽሑፍ ሶፍትዌር ሠራ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ አቀማመጥ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አለመነበቡ ነው። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሲያገኝ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ጨምሮ አወጣ።

ስማርት ስልክ በያዘ ሰው ዘንድ ይህ ያለቀ ጉዳይ ይመስላል። በባለ በተን ስልክ ግን አላለቀም። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። እንደ *127# ያሉት የምናሌ ቁጥሮችም በአንድ ገጽ የሚችሉት በላቲን እስከ 182 ሆሄ ሲሆን በግዕዝ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የግዕዝ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ የሚቀረው የይዘት መጠን ቁጥሩ እንደሚያስፈራው አይደለም። ቢሆንም መልእክቱ ቶሎ ይከፈላል፣ ወጪውም ይጨምራል፤ የግዕዝ ቅርጸ ፊደል በሌለው ቀፎ ላይ ደግሞ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። በምናሌዎች ላይ በላቲን የተጻፈ አማርኛ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ዳፋ በተለይ የሚያርፈው ፊደል ቆጥሮ አማርኛ ማንበብ በቻለው፣ እንግሊዝኛ ግን ባልተማረው ሰው ላይ ነው። የሚያውቀውን ቋንቋ በማያውቀው ፊደል ያገኘዋል።

በካፋ ነገሩ ይገለበጣል። ካፊኖኖ በላቲን ስለሚጻፍ የ160 ሆሄ ቦታ አለው፤ ያረጀ ቀፎም ያነበዋል። የቴክኒክ እንቅፋት የሌለበት ቋንቋ ነው። ምናሌ ውስጥ ባይገባ ቴክኖሎጂው አልፈቀደም የሚል ምክንያት ሊቀርብ አይችልም።

ቀንና ሰዓት ሌላው ፈተና ናቸው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው የቀን መምረጫ ጳጉሜን የተወለደን ሰው አያስተናግድም። “የትውልድ ዘመን 1990” ብሎ የሚቀበል ቅጽ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚል ካልጠየቀ ሰውየውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል አለዚያም ወጣት ያደርገዋል። “ከሁለት ሰዓት ጀምሮ” የሚል ማስታወቂያም የስልኩ ሰዓት ስምንት ሲል የሚጀምር መሆኑን ለማያውቅ ሥርዓት ትርጉሙ ይጠፋል። ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ፦ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የገጠር ጎልማሳ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሞላ አላልፍም የሚል ቅጽ ሰውን ቀን እንዲፈጥር ያስገድዳል፤ የተፈጠረው ቀን ደግሞ በሌላ ቅጽ ላይ ከተፈጠረው ጋር አይገጥምም። በግምት የተሞላ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምልክት ማከል ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ስምም እንዲሁ ነው። ከምዕራቡ ዓለም የተቀዳ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። አንዱ ባንክ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ሲያስገባ፣ የላቲን አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ሲለዋወጥ፣ አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ፈትቶታል፦ የሰውን ማንነት ከስሙ አጻጻፍ አውጥቶ ወደ ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል አዛወረው። ብልህ የንድፍ ውሳኔ ነው። ግን የራሱ ጥያቄ አለው። በህንዱ የመታወቂያ ሥርዓት በአድሃር እንደታየው በእጅ ሥራ የተፋቀ አሻራ በማሽን አልነበብ የሚልበት ጊዜ አለ። ቡና ለቅሞ፣ መሬት ቆፍሮ የሚያድር እጅ የበዛበት አካባቢ ይህን ከሌሎች ቀድሞ ሊያየው ይችላል።

በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ጆሮ

የቋንቋው ክርክር ሦስት ወገን አለው።

አንደኛው አማርኛ ይበቃል ይላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ በቦንጋ ከተማ የሚግባቡበት ነው፤ እያንዳንዱን ምናሌ በየቋንቋው መተርጎምና ማደስ ገንዘብ ይፈጃል፤ በሁለት ቋንቋ ሁለት የተለያየ መረጃ መስጠትም አደጋ አለው። የክልሉ ነባራዊ ሁኔታም ይህን ያግዛል፤ ከካፋ ሌላ ቤንች ሸኮ፣ ሸካ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው። ሁለተኛው ወገን የአፍ መፍቻ ቋንቋን ያስቀድማል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከካፋ ዞን ወደ 875 ሺህ ሕዝብ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከአሥር አንድ እጅ ያንስ ነበር። በከተማ የሚሠራው አማርኛ ለቀሪው ይሠራል ብሎ መገመት ማስረጃ ይፈልጋል ባዮች ናቸው። ሦስተኛው ወገን ጥያቄው ከቋንቋ ምርጫ ይቀድማል ይላል፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ። ለማያነብ ሰው የቱም ቋንቋ ቢጻፍ ለውጥ የለውም፤ የሚያስፈልገው ሥዕል ወይም ድምፅ ነው።

ለሦስተኛው ወገን የሚሆን ሰፊ ማስረጃ ያለው በህንድ ነው። ኢንድራኒ ሜድሂና ባልደረቦቿ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጽሑፍ የሌለባቸውን ገጾች ፈተኑ። ውጤቱ ለማንም ወገን ሙሉ ድል አልሰጠም። ተጠቃሚዎቹ ጽሑፍ አልባውን በግልጽ መረጡ። ሥዕልና ድምፅ ያጣመረው ገጽ ሥራውን በማስጨረስ በለጠ፤ በንግግር ብቻ የሚመራው ደግሞ ፈጠነ፣ የሰው እርዳታም ያነሰ ጠየቀ። በዚያው በህንድ፣ በጉጃራት የተደረገ ሌላ ጥናት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ከዛሬው የድምፅ ትዕዛዝ ዘመን ጋር የሚጋጭ ነው፦ ገበሬዎች ለማሽን ከመናገር ይልቅ ቁጥር በመጫን የተሻለ ተሳክቶላቸዋል።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ባዶ እጇን አይደለችም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር በነጻ የሚደወልበት፣ ቁጥር እየተጫኑ የተቀዳ ምክር የሚሰሙበት ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደዋዮችን አፍርቷል። ገበሬው ስልክን እንደ መረጃ ምንጭ ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ክፍት የቀረው፣ በሚሊዮን የማይቆጠር ተናጋሪ ያላቸው ቋንቋዎች ለምን ዘግይተው ይደርሳሉ የሚለው ነው። ካፊኖኖን በሚናገር አንድ ባለሙያ ሰላሳ ዓረፍተ ነገር ማስቀዳት የበጀት ጉዳይ አይደለም።

አዶዎች ሁሉም ይገባቸዋል የሚለውም እምነት መፈተሽ አለበት። የማጉያ መነጽር ምስል ፍለጋን የሚያመለክተው ማጉያ መነጽር ለሚያውቅ ነው።

ዓይነ ስውራንን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ የንድፍ ጣዕም ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። በምስል ተቃኝቶ የሚለጠፍ የመንግሥት ማስታወቂያ የትኛውም የገጽ አንባቢ ሶፍትዌር ሊያነበው አይችልም፤ ይህ አሠራር ነገ ሊቆም ይችላል።

በሰው እጅ የሚሠራ ስልክ

መስፈርቶቹ ሁሉ አንድ ነገር ይገምታሉ፦ አንድ ስልክ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ተጠቃሚ። በገጠር ግን ስልኩን የሚነካው ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ጎረቤት፣ የሱቅ ወኪል ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ኒትያ ሳምባሲቫንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በባንጋሎር ድሃ ሰፈሮች ባጠኑት ጥናት ይህን በሌላ ሰው በኩል የሚሆን አጠቃቀም ብለው ለይተው መድበውታል፤ በዚያ ዓይነት ሰፈር ልማዱ እንጂ ጉድለቱ አይደለም የሚለው ግኝታቸው እስካሁን ጸንቶ ይጠቀሳል።

ይህ ለሞባይል ገንዘብ ከባድ ጥያቄ ያመጣል። አንዱ ወገን የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ መፍትሔው ተጠቃሚውን ማሠልጠን ነው ይላል። ሌላው ወገን ረዳት ባለበት ሁኔታ የማይጠብቅ ጥበቃ ጥበቃ አይባልም፤ ረዳቱ እንዲሠራ፣ ባለቤቱ ግን እንዲያጸድቅ ተደርጎ ይሠራ ይላል። ሁለተኛው አሳማኝ ነው። ወኪሉ ሒሳቡን ካዘጋጀ በኋላ ባለቤቱ በራሱ ቋንቋ “ይህን ያህል ብር ለዚህ ሰው ሊላክ ነው” የሚል ድምፅ ሰምቶ አንድ ቁልፍ ቢጫን፣ ማንበብ ባይችልም ማወቅ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም ፈቃድ የሚለው ቃል በሕግ ትርጉም አለው። በማይነበብ ቋንቋ የቀረበን ረጅም ውል ልጁ አባቱን ወክሎ “እስማማለሁ” ብሎ ሲጫን የተሰጠው ፈቃድ የማን ነው? ሕጉ በተግባር ሲውል ይህ ነጥብ መፈታቱ አይቀርም።

የአገልግሎቶቹ ባለቤቶች ስኬታቸውን የሚለኩበት መንገድም በሌላ ሰው በኩል የሚሆነውን አጠቃቀም ይሸፍነዋል። ቴሌብር ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ታላቅ ቁጥር ነው። የተመዘገበ ሰው ግን በራሱ የሚሠራ ሰው ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ መቁጠር የንድፍ ጥያቄ ሁሉ መነሻ ነው።

ቡናው፣ ዋጋውና ካርታው

ለካፋ ከሁሉ የሚቀርበው ማሳያ ቡና ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ቡናን ወደ መድረኩ አስገባ፤ ቡና ከሚቀበልባቸው መጋዘኖች አንዱ ቦንጋ ነው። ዋጋውን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በሚደወልበት የድምፅ መስመር ማድረሱ በዘመኑ ከአፍሪካ ፊተኛ የሚያሰኝ ሥራ ነበር። መረጃን በአንድ መንገድ ሳይሆን በብዙ መንገድ ማድረስ የመልካም ንድፍ ምልክት ነው።

አንድ ክፍተት ግን ነበረ፤ ያለውም ከቋንቋው ይልቅ በመለኪያው ላይ ነው። ምርት ገበያው ዋጋ የሚናገረው ለተዘጋጀ ቡና፣ በደረጃ ተለይቶ፣ በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ገበሬው የሚሸጠው ግን እሸት ቡና ወይም ጀንፈል፣ ያውም በኪሎ ነው። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይጠይቃል፤ ከጀንፈል ደግሞ ሁለት ኪሎ ገደማ። ዋጋውን የሰማ ገበሬ ፈረሱላውን ወደ ኪሎ፣ የተዘጋጀውን ወደ እሸት፣ ከዚያም የማጠቢያና የማጓጓዣ ወጪውን ቀንሶ ካላሰላ መረጃው ለድርድር አይሆነውም። አቅራቢው ይህን ስሌት በቃሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ያው አንድ ገጽ ለነጋዴው የተሟላ፣ ለገበሬው ጥሬ ነው። “ዛሬ ለእሸት ቡና ኪሎ ከዚህ እስከዚህ” የሚል አንድ መስመር ከማንኛውም የቀለም ማሻሻያ በላይ ይጠቅማል።

አሁን ደግሞ ከዚህ የገዘፈ ጉዳይ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115 ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ከተመነጠረ ደን ያልመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ የሚፈልገው መረጃ ግን ግልጽ ነው። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ቢያንስ ስድስት የአሥርዮሽ አኃዝ ባላቸው መጋጠሚያዎች ይመዘገባል፤ ከአራት ሄክታር የበለጠው ዙሪያው ተሠምሮ ይቀርባል።

እዚህ ላይ የስካንዲኔቪያው ጥያቄ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል። መተግበሪያውን የሚይዘው መረጃ ሰብሳቢው ነው፤ መግለጫውን በኅብረቱ ሥርዓት የሚያስገባው አስመጪው ነው። መሬቱ ስክሪን ላይ የሚሠመርበት ገበሬ በሁለቱም ገጽ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ አልተቆጠረም። ነገር ግን አንድ ነጥብ ወደ ደኑ ቢያዘነብል ገበያ የሚያጣው እሱ ነው።

ካፋ ደግሞ ለዚህ ቅጽ አስቸጋሪ ምድር ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ የባዮስፌር ሪዘርቭ ከ7 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ የደን ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚለቀም እንጂ በረድፍ የሚተከል አይደለም። በቦንጋ አካባቢ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የተራድኦ ድርጅቱ ፋርም አፍሪካ ባስጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር መሠረት ደኑን የሚጠብቁትና የሚጠቀሙበት በማኅበር የተደራጁ ነዋሪዎች ናቸው። ቅጹ “የማሳው ባለቤት” የሚል አንድ ሳጥን ይሰጣል። በጋራ የሚጠበቅ ደን ውስጥ የተለቀመ ቡና በዚያ ሳጥን ማን ተብሎ ይሞላ? አንድ አባል ስም ቢያስገባ መረጃው ይሳሳታል፤ ማኅበሩ ቢገባ ሥርዓቱ የለቃሚዎቹን ዝርዝር ሊጠይቅ ይችላል። ከላይ የሚታይ የሳተላይት ምስልም የደን ቡናን ከደን ለመለየት ይቸገራል፤ ደን የጠበቀው ሰው ደን እንዳልመነጠረ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ለዚህ የሚቀርቡት መፍትሔዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ማኅበራት ራሳቸው ካርታውን ሠርተው የመረጃው ባለቤት ይሁኑ የሚል ነው፤ በቦንጋ የሚገኘው የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ዓይነት ተቋም ለዚህ ተፈጥሯዊ መቀመጫ ነው። ሌላው አንድ አገር አቀፍ የመረጃ ቋት ይኑር፣ ላኪዎች ከዚያ ይውሰዱ ይላል። የመጀመሪያው ገበሬውን ለመረጃው ያቀርበዋል፤ ሁለተኛው ወጪ ይቀንሳል፣ በየላኪው ተደጋግሞ መለካትንም ያስቀራል። በሁለቱም መንገድ ገበሬው ስለ ማሳው የተመዘገበውን አይቶ፣ ሰምቶና ስሕተቱን አሳርሞ ማለፍ የሚችልበት ደረጃ ከሌለ ሥርዓቱ ተጠቃሚን ማዕከል አድርጓል ሊባል አይችልም።

የክልሉ ቢሮዎች፣ ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶች አዲስ ሥርዓት ሲገዙ ወይም ሲሠሩ ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚሆን አንድ አንቀጽ በውላቸው ሊያኖሩ ይገባል። ከርክክብ በፊት ሥርዓቱ በካፋ የገጠር ቀበሌ፣ በካፊኖኖ ተናጋሪዎች፣ ማንበብ የማይችሉትን ጨምሮ፣ በባለ በተን ስልክ ይፈተን። ፈተናውን ለማካሄድ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ፤ ውጤቱም የክልሉ ነዋሪ በሚሰማበት ቋንቋ ለሕዝብ ይገለጽ።